የሠላሳ ግጥሚያ ሌንስ

ቅዳሜ፣ ጥር 5። ግጥሚያ 1።

ይህን ደብተር የጀመርኩት በመነጽር ቤቷ ሴት ትእዛዝ ነው። «ሌንሱን የከፈትክበትን ቀን ጻፈው። ሠላሳ ሲሞላ ይጣላል፤ አዲስ ትከፍታለህ» አለችኝ። «እረሳዋለሁ» ስላት «ደብተር የሚባል ነገር ተሠርቷል እኮ» ብላ ሳቀችብኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ ለምን እንዳስፈለገኝም ልጻፍ፤ ደብተሩ ለአንድ መስመር ብቻ ተገዝቶ እንዳይከፋው። ቀን ቀን አናጺ ነኝ፤ ወፍራም መነጽሬን አድርጌ እንጨት ስልግ እውላለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የእግር ኳስ ዳኛ ነኝ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ያጫወትኩት በግምትና በእግዜር ቸርነት ነው። መነጽር አድርጎ ሜዳ የሚገባ ዳኛ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ሳላደርግ እንኳ በየሳምንቱ «ዓይንህን ታከም!» እባላለሁ። የገና ዕለት ባለቤቴ ሦስት ጥንድ ሌንስ በትንሽ ካርቶን አድርጋ ትራሴ ሥር አስቀመጠችልኝ። «ከእንግዲህ ሲሰድቡህ ቢያንስ ማን እንደሰደበህ ታያለህ» አለች።

እውነቷን ነው። ዛሬ ሣሩን አንድ በአንድ አየሁት። የተጫዋቾቹን የጫማ ክር አየሁ። ከጎሉ ጀርባ አጥር ተደግፈው የሚሰድቡኝን አማቴን ሳይቀር አየኋቸው።

እሑድ፣ ጥር 6። ግጥሚያ 2።

ደህና ዋልኩ። አንድም ስህተት የለም። የመስመር ረዳቴ «ምን በልተህ ነው ዛሬ?» አለኝ። ሰው ሁሉ «ባንዲራው» እያለ ነው የሚጠራው፤ ስለ ሌንሱ ከባለቤቴ ሌላ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ከሰማ አበቃልኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 9።

ግጥሚያ የለም፤ ሌንሱ መያዣው ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ ስለ አማቴ ልጻፍ።

ባለቤቴ «አባባ» ትላቸዋለች፤ እኔም እንደዚያው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው ጊዜ ወደኛ መጡ፤ ይኸው አራት ዓመታቸው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። «ሠላሳ ዓመት በጭጋግ ነድቼ አንዲት ዶሮ አልገጨሁም» ይላሉ። ሌላው ሰው ስለ ልጁ እንደሚያወራ እሳቸው ስለ ዓይናቸው ያወራሉ። ለዚህ ነው የሌንሱን ነገር የደበቅኳቸው። ለአማት ዓይኔ ደክሟል ማለት ቀላል አይደለም።

ቤት ውስጥ ልጄ ይሉኛል፤ የዳቦውን መሐል ለእኔ ይተዉልኛል። ሜዳ ላይ የፋብሪካው ቡድን ደጋፊ ናቸው፤ ያኔ አማችነቱ ይቀራል። ከጨዋታ በኋላ ደግሞ አብረን ወደ ቤት ስንመለስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፦

«ሁለተኛዋን ጎል እስቲ ከመሐል ሆነህ እንዴት እንዳየሃት ንገረኝ።»

ከመነሻዋ እነግራቸዋለሁ፤ ማን እንዳቀበለ፣ ማን እንደዘለለ፣ በረኛው በየት በኩል እንደወደቀ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሲያበቃ «እኔም እንደዚያው ነው ያየሁት» ይላሉ። ሊፈትኑኝ ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 19። ግጥሚያ 5።

አምስት። ሠላሳ ለመሙላት ሃያ አምስት ግጥሚያ ይቀራል። በሳምንት ሁለት ስለማጫውት ይህ ጥንድ እስከ ሚያዝያ ያደርሰኛል ማለት ነው። የተቀሩት ሁለት ጥንዶች መሳቢያ ውስጥ ተራ ይጠብቁ። ቆጣቢ ባል መሆኔን ባለቤቴ አታውቅልኝም።

እሑድ፣ ጥር 27። ግጥሚያ 8።

እራት ላይ አባባ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ከሰሱኝ።

«የፋብሪካውን አጥቂ ጠልፈው ሲጥሉት ዝም አልክ። ሕዝቡ ሁሉ ጮኸ። አንተ ዝም!»

«አይቼዋለሁ እኮ አባባ። ግን እሱ ሲወድቅ ኳሷ ለጓደኛው ደርሳ ነበር። ፊሽካ ብነፋ የምጎዳው ያንኑ የተበደለውን ነው። ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ» ብዬ ሁለት እጄን ወደፊት ዘረጋሁ። «ጨዋታው ይቀጥል ማለት ነው።»

«አይተህ እንዳላየህ መሆን ነዋ!»

«አይደለም። እጄን የምዘረጋው ማየቴን እንዲያውቁ ነው። አጥፊውም ያውቃል፣ የተበደለውም ያውቃል። ግን አላቆማቸውም።»

አባባ አሰቡበት። ከዚያ እሳቸውም እጃቸውን ልክ እንደኔ ዘረጉና የውሃውን ብርጭቆ ገፍተው ባለቤቴ ቀሚስ ላይ ደፉት። «ይህችንም አሳልፋት» አሏት። እስክንታመም ሳቅን።

ረቡዕ፣ የካቲት 7።

የሌንሱ ማጠቢያ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ እያለቀብኝ ነው። ጠርሙሱ የሚቀመጠው መታጠቢያ ክፍል፣ ከመስታወቱ ሥር ካለችው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሦስታችንም የምንጠቀመው አንድ መስታወት ነው። ከልክ በላይ እያፈሰስኩ መሆን አለበት። ከእንግዲህ መያዣው ውስጥ ያለውን አልደፋም፤ ከላዩ ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። ያው እኮ ነው።

ባለፈው ወር አባባ ስለዚህ ጠርሙስ ጠይቀውኝ ነበር። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ሲሉኝ ደነገጥኩና «የዓይን መድኃኒት ነው አባባ፤ ሰጋቱራ ሲገባብኝ የማጠብበት» አልኳቸው።

«ያጠራል?»

«እንደ መስታወት!»

ለቅጥፈት ማን ብሎኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 12።

አባባ ዛሬ ጠዋት ዓይናቸው ረጥቦ አገኘኋቸው። ባለቤታቸውን አስታውሰው ይሆናል ብዬ ምንም አላልኩም። ሻዩን ሲቀዱ ግማሹን ከስኒው ውጭ ቀዱት። እኔም ሐሳብ ሲገባኝ እንደዚያው ነኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 19።

ባለቤቴን እንደገና ወደድኳት። ቅዳሜ ከግማሽ በታች የነበረው ጠርሙስ ዛሬ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ማለቁን አይታ ሞልታልኛለች፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እሷ እንደዚህ ናት። የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም ከኋላዋ ሄጄ አናቷን ሳምኳት።

«ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል። የሦስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ናት፤ ያለ ምክንያት የሚመጣ ነገር አይገባትም።

እሑድ፣ የካቲት 25። ግጥሚያ 15።

ግማሽ መንገድ ደረስን፣ እኔና ጥንዴ፤ አንዱ ቅዳሜ በዝናብ ባይሰረዝ አሥራ ስድስት ነበርን።

ዛሬ ትልቅ ነገር ሰማሁ። ኮሚቴው የዓመቱን የመጨረሻ ግጥሚያ፣ የመጋቢት 30ውን፣ ለእኔ ሰጥቶኛል። ከላይኛው ሊግ ገምጋሚ ይመጣል። ደህና ካጫወትኩ ወደ ላይኛው ዝርዝር እገባለሁ። በሰኔ አርባ ዓመት ይሞላኛል፤ አርባ ከሞላው በኋላ የሚገባ የለም። አሥራ አንድ ዓመት በዝናብና በስድብ የሮጥኩት ለዚህች አንድ ከሰዓት ነው። ለባለቤቴ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባባ «ያን ቀን አልሰድብህም» ብለው ማሉልኝ። ከዚህ የበለጠ ስጦታ የላቸውም።

ግራ ዓይኔ ትንሽ ይበላኛል። ባንዲራው «አምሽተሃል እንዴ?» አለኝ። ከሌንሱ ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ «ከተከፈተ በኋላ» የሚል ነገር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ነገ መነጽሬን አድርጌ አነበዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 28።

አላነበብኩትም። ሥራ በዛ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6።

እሺ፣ አነበብኩት። «ከተከፈተ በኋላ አንድ ወር» ይላል። እንግዲህ አንድ ወር ማለት በየቀኑ ለሚያደርግ ሰው ነው። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ለሁለት ሰዓት። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ዳኞችን አላሰበም።

ደግሞም እውነቱን ልጻፈው፤ ይህ ጥንድ ዓይኔ ውስጥ ከገባ ጀምሮ አንድ ስህተት አልሠራሁም። አሥራ ሰባት ግጥሚያ! አዲስ ከፍቼ ዕድሌን ከማነካካው ትንሽ ማሳከኩን እችለዋለሁ። እስከ መጋቢት 30 ብቻ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8። ግጥሚያ 18።

ዓይኔ ደም መስሏል። ከአጥሩ ማዶ አንዱ «ዓይኑን በጨው አጥቦ የመጣ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም በጨው የታጠበ ነው የሚመስለው። ሳልወድ ሳቅሁ።

አባባ ወደ ቤት ስንመለስ «ሰማያዊዎቹ ዛሬ ደህና ተጫወቱ» አሉ። ሜዳው ላይ ሰማያዊ የለበሰ አልነበረም። ሽማግሌ ሲቀልድ አይታወቅበትም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 12።

ባለቤቴ አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሰጋቱራ ገብቶብኝ ነው።»

«ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ከመጋቢት 30 በኋላ።»

ሐኪሙ ሌንስ እንዳላደርግ ይከለክለኛል፤ ያለ ሌንስ ደግሞ መጋቢት 30 የለም። ይህን ነገርኳት። ተማሪዋ መልሱን አውቆ ሆን ብሎ ስህተት ሲጽፍ የምታይበትን አስተያየት አየችኝና ወጣች። ያለፈውን እሑድ እንደተውኩት የቅዳሜውንም ግጥሚያ ለሌላ ዳኛ ለቅቄያለሁ፤ ዓይኔን ላሳርፈው። «አየሽ፣ ጠንቃቃ ነኝ» ልላት ፈልጌ ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 16። ግጥሚያ 19።

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ፋብሪካውና የወጣት ማእከሉ ቡድን። ሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ፣ ዜሮ ለዜሮ። ግራ ዓይኔ ከዕረፍት ጀምሮ ጉም ለብሷል፤ ብርሃኑ እንደ መርፌ ይወጋኛል። ኳስ ከማዕዘን መጣች። ስድስት ሰባት ሰው አንድ ላይ ዘለለ። አንድ እጅ ከፍ ሲል ያየሁ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው። ባንዲራውን አየሁት፤ ባንዲራው አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ከጎሉ ጀርባ የማውቀው ድምፅ መጣ፦

«እጅ! እጅ ነው እኮ! ምን ትጠብቃለህ?»

አባባ ናቸው። ጭጋግ ውስጥ ዶሮ የሚለዩት አባባ። እሳቸው ካዩማ ብዬ ነፋሁ። ፍጹም ቅጣት ምት።

የወጣቶቹ በረኛ ሮጦ መጣ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ እንዴት ጥሩ ነበር። ፊቴ ቆሞ «ዳኛ፣ አይተኸዋል?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ» አልኩት።

ጎል ገባ። ጨዋታው አለቀ። «ለአማቱ ቡድን ሰጠ!» የሚል ሰማሁ። ባንዲራው ልብስ ስንቀይር አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን ለረጅም ጊዜ ፈታ፤ በመጨረሻ «ደረቱን ነው የነካችው» አለ።

ሰኞ፣ መጋቢት 17።

አይቼዋለሁ አልኩት። ልጁ አምኖኝ ሄደ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18።

ባለቤቴ የወላጆች ስብሰባ ነበራት፤ እራት እኔና አባባ ብቻችንን ነን። አምፖሉን አጥፍቼ የኮሪደሩን ብቻ ተውኩት፤ ብርሃን አስጠልቶኛል። አባባ ስለ ጨለማው አንዲት ቃል አላሉም። ዳቦውን በእጃቸው እየዳሰሱ ፈለጉት። እኔም አላስቻለኝም።

«አባባ፣ የእሑዷን እጅ በደንብ አይተዋታል አይደል?»

ዳቦውን ቆረሱት፣ ግን አልበሉትም።

«አላየሁም» አሉ።

«እንዴት አላዩም? ጮኹ እኮ!»

«አጠገቤ ያሉት ሲጮኹ ነው የጮኽኩት። እኔማ አጥሩንም በእጄ ይዤ ነው የማውቀው፤ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሲጮኽ እጮኻለሁ። ቤት ስንመጣ አንተ ስትነግረኝ ነው የማየው።» ቀጥለውም ቀስ ብለው፦ «ለልጄ እንዳትነግራት። ትጨነቃለች።»

እኔ የነፋሁት እሳቸውን አምኜ፣ እሳቸው የጮኹት ሕዝቡን አምነው። ያች ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ያየ ሰው አንድም አልነበረም፤ ካለም ባንዲራው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አልሰማሁትም።

«እኔም አላየሁም አባባ» አልኳቸው። የሌንሱን፣ የዓይኔን፣ የመጋቢት 30ውን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጠረጴዛውን እየዳሰሱ መጥተው እጄን ፈልገው ያዙ።

«ነገ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ» አሉ።

«እርስዎም ከሄዱ።»

«አንተ ከፊት ከሄድክ» አሉ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 20።

(ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ሚስቱ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሐኪሙ በየሰዓቱ የሚጨመር ጠብታና ብሌን የሚያሰፋ መድኃኒት አዞለታል፤ ማንበብም መጻፍም አይችልም። መጋረጃው ተዘግቶ ተኝቷል። «ደብተሬን አምጪ» ሲለኝ ምን ደብተር አልኩት። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ዛሬ ነው።)

ትናንት ሦስታችንም ሐኪም ቤት ሄድን። ባለቤቴ ወረፋው ጋ ስትቆም እኔና አባባ አብረን ገባን። ሐኪሙ ግራ ዓይኔን በመሣሪያው አየና ጥቁሩ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቁስል አገኘ። «ሌንሱን መቼ ነው የከፈትከው?» አለኝ።

«ገና አሥራ ዘጠነኛ ግጥሚያው ነው» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አሥራ ዘጠነኛ ምን?»

አስረዳሁት። ሳቁን አፍኖ እንደማይስቅ ሆኖ እንዲህ አለኝ፦ «ሠላሳው የሚቆጠረው ከተከፈተበት ቀን ነው። አደረግከው አላደረግከው ቀኑ ይሄዳል። የተከፈተ ወተት በለው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለጠጣኸው ሳይበላሽ አይጠብቅህም።» ፈሳሹም ሌንሱ በወጣ ቁጥር ተደፍቶ በአዲስ ይተካል እንጂ ከላይ አይጨመርበትም አለ። መያዣውም በየሦስት ወሩ ይቀየራል። «ሁለት ቀን ብትቆይ ኖሮ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለ። ለሁለት ወር ሌንስ ክልክል።

አባባ በሁለቱም ዓይናቸው የዓይን ሞራ አላቸው። ይወጣል ተብለዋል፤ የመጀመሪያው ዓይን ለሚያዝያ 22 ተቀጥሯል።

ለኮሚቴውም እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ፦ መጋቢት 16 የሰጠሁትን ፍጹም ቅጣት ምት አላየሁትም። አይቻለሁ ያልኩት ውሸት ነው። የመጋቢት 30ውን ግጥሚያ ለሌላ ስጡት። ለበረኛው ለብቻው ጻፊለት።

(ጻፍኩለት።

ከዚያ የኋላ ገጾቹን አገላብጬ አነበብኩ፤ ፈቅዶልኛል፣ ወይም ተኝቶ ነበር። ሒሳቡን በቀይ ልሥራለት፦ ከጥር 5 እስከ መጋቢት 16፣ ሰባ አንድ ቀን። መጣል የነበረበት የካቲት 5። አርባ አንድ ቀን አሳልፏል። የተቀሩት ሁለት ጥንዶች ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ሳይከፈቱ ተቀምጠዋል! ተማሪዬ ቢሆን ዜሮ ነበር። ባሌ ስለሆነ ከአሥር ሁለት።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የካቲት 19 ላይ «ጠርሙሱን ሞልታልኛለች» ይላል። እኔ ምንም ጠርሙስ አልሞላሁም። ስጠይቀው «በዓይኔ ይሆናል የተሳሳትኩት» አለና ውሃ አምጪልኝ አለኝ። አባባም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። «ምን ሆኑ?» ስለው «የሐኪም ቤት ወንበር አድክሟቸው ነው» አለ።)

እሑድ፣ መጋቢት 30።

(አሁንም የኔ እጅ ነው።)

ዛሬ የመጨረሻው ግጥሚያ ነበር። ሜዳው ከቤታችን ብዙ አይርቅም፤ ጩኸቱ ይሰማል። እኔና አባባ መጋረጃውን ሳንገልጥ መስኮቱን ብቻ ከፍተን ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ይሄ ጎል ነው» እላለሁ።

«ኧረ ይሄ የሳተ ነው። ጎል ሲሆን ጩኸቱ አይቆረጥም» ይሉኛል። በዚህ ሥራ ከኔ የበለጠ ልምድ አላቸው። ሦስቱንም ጎሎች በጆሯቸው ያዙ። ያሉትን ሁሉ ባንዲራው በኋላ መጥቶ አረጋገጠልን። ከወጣቶቹ በረኛ መልእክት ይዞልኝ መጥቷል፦ «ዓይኑ ይዳንለት በሉት። አንዱን ጎል በሚቀጥለው ዓመት ይመልስልኛል» ብሏል። ኮሚቴው ደግሞ እዚሁ ሊግ ላይ እንድቀጥል ፈቅዶልኛል። ወደ ላይ መውጣት ግን ቀረ። ከፋኝ። በጣም ከፋኝ፤ እንዲሁ ጻፊው።

(ጻፍኩት። ባንዲራው ከሄደ በኋላ አባቴ የባሌን እጅ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ስመጣ ዝም አሉ። እነዚህ ሰዎች ከእኔ የደበቁት ነገር አለ።)

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 23።

በራሴ እጅ። ፊደሌ ጠማማ ነው ግን የራሴ ነው።

መጀመሪያ ሳላስጽፍ የቀረሁትን ልጻፍ። ያን ቀን ሐኪሙ «ሌንሱን ውሃ ነክቶት ያውቃል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «በፍጹም» አልኩት። ከኋላዬ ወንበር ላይ የተቀመጡት አባባ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ «ውሃ ምን ያደርገዋል?» አሉ። ሐኪሙ «የቧንቧ ውሃ የሚጠጣ ቢሆን እንኳ ለሌንስ መርዝ ነው» ብሎ መለሰላቸው። ዞር ብዬ አላየኋቸውም። አያስፈልገኝም ነበር። ረጥቦ ያየሁት ዓይናቸው፣ ያለቀው ጠርሙስ፣ የሞላው ጠርሙስ፣ ሁሉም በአንዴ መጣልኝ። ዓይናቸው እንዲጠራ ፈሳሹን ሲጨምሩ ኖረዋል። መጉደሉ እንዳይታወቅባቸው ደግሞ ውሃ ሞሉት። እንደ መስታወት ያጠራል ያልኳቸው ማን ሆነና? ሐኪሙን ለብቻው ስጠይቀው «ያረጀው ሌንስ ይሁን ውሃው፣ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም ያደርጉታል» አለኝ። ስለዚህ ሁሉንም ለራሴ ወሰድኩት። ከአሥር ሁለት ይበቃኛል።

ትናንት አባባ ቀኝ ዓይናቸውን ተሠሩ። ዛሬ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታችላቸው። መጀመሪያ ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩና «ሽበት አወጣሽ እንዴ?» አሏት። እየሳቀች አለቀሰች። የሚጨመረውን ጠብታ ልታመጣ ወደ መድኃኒት ቤቱ ወጣች።

እኔን «ና» አሉኝ። አገጬን ይዘው፣ ልክ ልጃቸው እንደምታደርገው፣ ወደ መስኮቱ አዞሩኝ። ግራ ዓይኔ ጥቁሩ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ቀርታለች። አትጠፋም፤ ለማየት ግን ብዙ አታስቸግርም። በሚቀጥለው ዓመት በላስቲክ የሚታሰር የስፖርት መነጽር አድርጌ እንደምገባ ነግሬያቸዋለሁ፤ «አራት ዓይን ብሎ የሚሰድብህ የመጀመሪያው ሰው እኔ ልሁን፣ ተራዬን ጠብቅልኝ» ብለውኛል። ዛሬ ግን አልቀለዱም። አዲሱ ዓይናቸው ነጥቧ ላይ ቀረ።

«ይህች ናት?»

«እሷ ናት አባባ።»

«ልጄ፣ ያን ጠርሙስ...» ብለው ጀመሩ።

እንዲጨርሱት አልፈለግሁም። ሁለት እጄን ወደፊት ዘረጋሁ፣ ሜዳ ላይ እንደማደርገው።

መጀመሪያ እጆቼን አዩ። ከዚያ ፊቴን። አጎንብሰው ሁለት እጄን ያዙና ግንባራቸውን አስደገፉበት።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት የዳኛ ሚስት ሆና ኖራለች፤ የተዘረጋ እጅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። እኔን አየችኝ፣ አባቷን አየች። ማን ማንን እንደጠለፈ አልጠየቀችም።

«አባባ፣ ዓይንዎን አይሹት» አለችና የጠብታውን ክዳን ከፈተች።